ከነላስቲኩ የተቀመጠው ቴሌስኮፕ

ሰኞ

የንብረት ክፍሉ ቁልፍ ዛሬም የለም ተባልኩ። "አቶ ገመቹ ይዘውት ባንክ ሄደዋል።" ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። መጠበቅ አይከብደኝም። ዕድሜዬን ሙሉ ልጆች መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት ሰሌዳ ዳር ቆሜ የጠበቅኩ ሰው ነኝ። ልጆቹን ግን መጠበቁ ሰልችቷቸዋል።

በሥርዓት ልጻፈው፤ አለዚያ ንዴቴ ብቻ ነው ወረቀቱ ላይ የሚቀረው። ከአዳማ ወጣ ብሎ ያለው የጣራ ቆርቆሮ ፋብሪካ ለትምህርት ቤቱ የጠፈር ክበብ ቴሌስኮፕ ገዝቶ ሰጠ። መጻሕፍትም ሰጠ። ከወንጂ ለሚመጡት ልጆች ደግሞ ሰርቪስ መደበ። ዳይሬክተሩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ጡረታ ብወጣም "ቲቸር፣ ፊዚክስን እንደ እርስዎ የሚያስረዳልን የለም፣ ክበቡን ይያዙልን" ብሎ መጣ። ደስ እያለኝ ነው እሺ ያልኩት። ለባለቤቴ ለጌታቸው ግን እንደ ተቸገርኩ አድርጌ ነው የነገርኩት።

ቴሌስኮፑ ከገባበት ቀን ጀምሮ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ልጆቹ እስከ ዛሬ የተማሩት እኔ በጠመኔ በሳልኩት ቴሌስኮፕ ነው።

አቶ ገመቹ ከባንክ ሲመለሱ "አካም ጅርቱ፣ ቲቸር ጽጌ?" ብለው ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ንብረት ክፍላቸው ሲያዩት ደስ ይላል። መጥረጊያዎቹ እንኳን በቁመታቸው ተደርድረዋል። ይሄን ነገራቸውን እወድላቸዋለሁ። ጥያቄዬን እንደ ሁልጊዜው ጠየቅኩ። እሳቸውም እንደ ሁልጊዜው መለሱ።

"እኔ በሰኔ ጡረታ ወጪ ነኝ። ዕቃው የገባው በእኔ ፊርማ ነው። አንዲት ነገር ከጎደለች ወይ ከተሰበረች ክሊራንስ የለም። ክሊራንስ ከሌለ ደግሞ ጡረታዬ አይንቀሳቀስም። ቲቸር፣ እኔ ለልጆቹ ክፉ ሆኜ ነው?"

"አይደሉም" አልኳቸው። እውነትም አይደሉም።

ስወጣ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ ያዘኝ። ዓርብ ከፋብሪካው እንግዶች ይመጣሉ። ድጋፉ ለከርሞ ይቀጥል አይቀጥል የሚሉት ዓርብ ካዩ በኋላ ነው። ሰርቪሱ ከቀረ የወንጂዎቹ ልጆች ቀሩ ማለት ነው። ከክበቡ ግማሹ እነሱ ናቸው።

ማክሰኞ

የተሠራ፦ ክፍሉ ታጠበ። የፕላኔቶቹ ሥዕል ተለጠፈ (ጁፒተርን ከማርስ አስበልጠው እንዲስሉ ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው)። የተሰበረው መስኮት በካርቶን ተደፈነ። ለስላሳና ኩኪስ ታዘዘ።

ያልተሠራ፦ ዋናው።

ዳይሬክተሩ ግን መላ አገኘ። ቴሌስኮፑ ከንብረት ክፍል ወጥቶ እሱ ቢሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። "ስጦታቸውን እንዴት አድርገን እንደያዝንላቸው ይዩልን።" አቶ ገመቹ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው አመጡት። ላስቲኩ እንዳለ ነው። ቱቦው በላስቲክ፣ እግሩ በላስቲክ፣ መመልከቻዎቹ በየከረጢታቸው።

ለራሴ እውነቱን ልጻፍ። ሐሳቡ ትክክል መሰለኝ። እኛ ያደግነው የእንግዳ ብርጭቆ ቡፌ ውስጥ በሚቀመጥበት ቤት ነው። ሰው የሰጠህን ነገር ሰጪው ሲመጣ እንደ ሰጠህ ካገኘው አከበርከው ማለት ነው። እንዲያውም ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ ስላስጠላኝ ዳንቴል ላመጣ ቤት ሄድኩ።

ጌታቸው ዳንቴሉን ስተኩስ አየኝ።

"ማን ሊመጣ ነው?"

"ለቴሌስኮፑ ነው።"

"ቴሌስኮፕ ነው ወይስ ራዲዮ? እንዲህ ሲለብስ የማውቀው የአባቴን ራዲዮ ነው። እሱንም ከአባቴ ሌላ የከፈተው የለም።"

ጅቡቲ መስመር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መኪና ላይ ካልሆነ ስለ ዕቃ አያያዝ አያውቅም ብዬ አለፍኩት።

ረቡዕ

ክበቡ ተሰበሰበ። ልምምድ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ነገር ያስረዳል። ሲፈን የሌንስ ነገር ደረሳት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ከወንጂ ነው የምትመጣው፣ አባቷ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ይሠራል። ብርሃን በሌንስ ውስጥ እንዴት ታጥፎ እንደሚሰበሰብ ያስረዳችው ብዙ መምህር ከሚያስረዳው ይሻላል። እጇን ብቻ ታወናጭፋለች። አስቆምኳት። እንደገና አወናጨፈች። ተውኳት።

በኋላ ቢሮ ገብተው ቴሌስኮፑን በሩቁ እንዲያዩት ተፈቀደ።

"ቲቸር" አለች ሲፈን፣ "ይሄ ነገር ሙሽራ ነው እንዴ? ቬሉን ማን ነው የሚገልጠው?"

ሁሉም ሳቁ። አቶ ገመቹ በሩ ላይ ቆመው ስለነበር አልሳቅኩም፤ ከንፈሬን ነከስኩ።

ወደ ክፍል ስንመለስ ግን ቀልዷን ተወችና ጠየቀችኝ። "ዓርብ 'ምን አያችሁበት?' ብለው ቢጠይቁን ምን እንበል?"

ናሆም ቶሎ መለሰ፤ የነጋዴ ልጅ ነው፣ ሁልጊዜ መልስ አለው። "ጨረቃን፣ ሳተርንን ከነቀለበቱ እንላለን። ማን ያውቃል?"

"አላየንማ" አለች ሲፈን።

"ታዲያ እነሱ አብረውን ነበሩ?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። "ያላያችሁትን አየን አትሉም" አልኩ። እሺ፣ ታዲያ ምን እንበል አሉኝ። "ላስብበት" ብዬ ወደ ቤት ሰደድኳቸው።

እያሰብኩበት ነው። ጥያቄው ከባድ ሆኖ አይደለም። መልሱ ስለሚያሳፍር ነው።

ሐሙስ

ዛሬ ሦስት በር አንኳኳሁ።

አንደኛ አቶ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። "በእኔ ፊርማ ያውጡልኝ፤ ከተሰበረ እኔ ልጠየቅ።" ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ጡረተኛ ነዎት። በእርስዎ ፊርማ ንብረት አይወጣም።" ቅር አለኝ። እውነታቸውን ስለሆነ ይበልጥ ቅር አለኝ።

ሁለተኛ የፊዚክስ መምህሩ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው። "ከደሞዜ ቢቆረጥስ፣ ቲቸር? ቤት ኪራይ አለብኝ" አለ። ልቆጣው አልቻልኩም።

ሦስተኛ ዳይሬክተሩ። "ዓርብ ይለፍና የግድ መላ እንፈልጋለን" አለኝ። "ዓርብ ካለፈ በኋላማ ምን ያደርጋል?" አልኩት። ያኔ፣ ልክ እንደ ተማሪነቱ፣ ጫማውን ማየት ጀመረ።

ሲያቦንን ዋለ። የሚያዝያ ሙቀት ከነአቧራው። ቤት ገብቼ ፓፓያዬን አጠጣሁ። ዛፍ ማጠጣት ፊርማ አይጠይቅም።

ዓርብ

አለቀ። በቅደም ተከተሉ ልጻፈው።

መጡ። ኢንጂነር ቤዛ የምትባል ወጣት ሴት፣ ካሜራ የያዘ ልጅና ሹፌር። ፈገግታዋ ጥሩ ነው። ልጆቹን በየስማቸው ጠየቀቻቸው። ስለ ፕላኔቶቹ ሰማች፣ ስለ ሌንሱ ሰማች፣ ለሲፈን አጨበጨበችላት። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር።

ከዚያ ወደ ቢሮ ገባን። ዳይሬክተሩ በኩራት እጁን ዘረጋ።

"ኢንጂነር፣ አንዲት ጭረት የለበትም!"

"እሱን እያየሁ ነው" አለች።

ፈገግታዋ ሲጠፋ አየሁ። ዳንቴሉን አየች፣ ላስቲኩን አየች፣ ካሜራ የያዘው ልጅ ፎቶ ሊያነሳ ሲል በእጇ ከለከለችው። "እስከ ዛሬ አልተከፈተም ማለት ነው?" ዳይሬክተሩ ስለ አያያዝ ማውራት ጀመረ። አቶ ገመቹ ኮታቸውን ቆልፈው ግድግዳው ጋ እንደ ወታደር ቆመው ነበር። ሊመሰገኑ ነበር የጠበቁት፣ ወይኔ።

ሲፈን አጠገቧ ነበረች። ኢንጂነሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻት። "የኔ ቆንጆ፣ ምን አያችሁበት?"

"ላስቲኩን።"

ዳይሬክተሩ እንደገና ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ሌላውን ቲቸር ሰሌዳ ላይ ሥለውልናል" ብላ ጨመረች፤ እኔን ልታድን ብላ ነው።

ኢንጂነሯ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የቆቃ ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ቴሌስኮፕ ጠይቆ እንደነበረና ሁለተኛ ለመግዛት በጀት እንዳልነበራቸው ነገረችን። "እዚያ ቢሄድ ይሻላል። ሰኞ መኪና ይዤ እመጣለሁ።" የሰርቪሱን ነገር ደግሞ ከማኔጅመንቱ ጋር አይታ ታሳውቀናለች። ለስላሳውን ማንም አልጠጣው።

አቶ ገመቹ ቴሌስኮፑን ታቅፈው ወደ ንብረት ክፍል ሊመልሱ ሲወጡ "ሰው ያስቀመጠብኝን ነገር ሳላበላሽ መለስኩ። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?" አሉኝ። የተቀየሙ ይመስላሉ እንጂ የተቆጡ አይመስሉም። ዳንቴሉን ከጠረጴዛው አንስቼ አጠፍኩት፤ የእኔ ነው።

ቅዳሜ

የሚገርም ቀን።

ሰርቪሱ ለዛሬ አልቆመም፣ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ክበብ ነበረን። ለልጆቹ እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እያሰብኩ ስደርስ አቶ ገመቹ በር ላይ ቆመዋል። ቅዳሜ የሥራ ቀናቸው አይደለም። ቁልፉ በእጃቸው፣ ከቤታቸው ያመጡት የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ፣ በብብታቸው።

"ቲቸር፣ አሰብኩበት። ንብረት ሳይፈረም ከንብረት ክፍል አይወጣም። ልክ?"

"ልክ።"

"ንብረት ክፍሉን የያዘው ማን ነው? እኔ። እኔ ከአጠገቡ ካልተነሳሁ ወጣ አይባልም።"

ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም፤ የሚናገሩት ደንብ ነው።

ኳስ ሜዳው ላይ አወጣነው። ዱካቸውን እግሩ ሥር አድርገው ተቀመጡ። እኔ ደንቤን ነገርኩ፦ ማንም ወደ ፀሐይ አያዞርም፣ ማንም አይጋፋም፣ ሌንሱን ማንም በጣቱ አይነካም። ሲፈን ላስቲኩን ላጠችው። ጭርርር የሚለውን ድምፅ ልጆቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ሰሙት። አቶ ገመቹ እያንዳንዱን ቁራጭ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። እሱም ተመዝግቦ የገባ ነው።

መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ወዳሉት የነፋስ ማመንጫዎች አዞርነው። አንድም ነገር አይታይም፤ ጨለማ። ለካ የፊት ክዳኑ አልተነሳም! እኔ ነኝ የረሳሁት፣ ደንብ ስደረድር። ናሆም ያን እስኪመሽ ድረስ ሲያወራው ዋለ።

ክዳኑ ተነሳ። አቶ ገመቹ፣ ዕቃውን በኃላፊነት የያዙ ስለሆኑ፣ ቀድመው እንዲያዩ ተጋበዙ። ጎንበስ አሉ። ወዲያው ቀና አሉ። ፊታቸው ተለዋውጧል።

"ተበላሽቷል!"

"ምን ሆነ?"

"ተገልብጧል! ምሰሶዎቹ ከሰማይ ተንጠልጥለዋል! ቲቸር፣ እኔ በሰኔ ወጪ ነኝ እኮ!"

ሲፈን እጇን እያወናጨፈች፣ ብርሃኑ እንዴት ተሻግሮ እንደሚያልፍ፣ የላይኛው እንዴት ታች እንደሚሆን አስረዳቻቸው። አልተዋጠላቸውም። ወደ እኔ አዩ። "ሥራው ነው፣ አቶ ገመቹ። ከፋብሪካ ሲወጣም እንዲሁ ነው የሚያሳየው።" ከዚያ ተረጋጉ። ለሚመጣው ልጅ ሁሉ "አትደንግጥ፣ ተገልብጦ ነው የሚታየው" ማለት ጀመሩ።

አመሻሹ ላይ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ጨረቃ ግማሽ ሆና ወጥታ ነበር። ተሰለፉ። ሲፈን ተራዋ ሲደርስ ዓይኗን ከመመልከቻው ሳታነሳ ቆየች። ሌሎቹ እንደ ሌላ ጊዜ አልገፏትም። ስትነሳ "ጎርባጣ ናት፣ ቲቸር" አለች ብቻ። በጠመኔ እንደዚያ አድርጌ ሥዬላት አላውቅም።

አቶ ገመቹ መጨረሻ አዩ። "ያ ረቢ!" አሉ ቀስ ብለው። ሁለተኛ ጎንበስ አሉ።

ቴሌስኮፑ ሲመለስ አንዱ እግሩ የንብረት ክፍሉ ብረት በር ላይ ተጋጨ። ጭረት። ረጅም፣ ነጭ። አቶ ገመቹ በአውራ ጣታቸው ፈተጉት፤ አልጠፋም። ልጆቹ ደነገጡ። እሳቸው በሩን ቆለፉና "ግቡ ወደ ቤታችሁ" አሏቸው። ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሐሳቤ ስብከቱ ላይ አልነበረም፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ጌታቸው ምሳ ላይ "ለሴትየዋ ደውይላት እንጂ፣ ጽግዬ። ትናንት ልጆቹ እንዳዩ ንገሪያት" አለኝ።

"ልለምናት?"

"ልትነግሪያት።"

አልደወልኩም። አስቤበት ነው። የቆቃ ልጆችም ዓይን አላቸው። ከእነሱ የእኛ ይበልጣሉ ብዬ የምሟገትበት ምክንያት ፈለግኩ፣ አንድም የሚያረካኝ አላገኘሁም። ደግሞ ከተነቀፍን በኋላ መሮጥ አስቀያሚ ነው። ነገ ይረከቡ፤ በሥርዓት እናስረክባለን።

ከሰዓት ሲፈን በአባቷ ስልክ ደወለች።

"ቲቸር፣ ነገ ሊወስዱት ነው አይደል?"

"አዎ፣ የኔ ልጅ።"

"እሺ። ጥቁር ጥቁሩ ግን ምንድን ነው? ጨረቃዋ ላይ ያለው። ሳልጠይቅዎት ሄድኩ።"

የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የረጋበት ሜዳ ነው አልኳት። መተሐራ ልትገቢ ስትዪ መንገዱ ዳር ያለውን ጥቁር ድንጋይ አስቢው።

"አውቀዋለሁ! አባዬ መተሐራ ሲሠራ እዚያ ነበርን!" ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ለአባቷ ስትጮህ ሰማኋት። "አባ! ጨረቃ ላይ መተሐራ አለ!"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሳቅኩ። ከዚያ ትንሽ አለቀስኩ። ጌታቸው ያላየ መስሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

ሰኞ

ጠዋት ሄድኩ። መኪናው ቆሟል። ኢንጂነር ቤዛ ራሷ መጥታለች።

ሹፌሩ ሊያነሳው ሲል አቶ ገመቹ ከለከሉት። "ርክክብ አለ። ሁኔታው ሳይነገር ዕቃ አይወጣም።" ዳይሬክተሩ ይለፉት በሚል በዓይኑ ጠቀሳቸው። አላለፉትም። ኮታቸውን ቆለፉና አንድ በአንድ ተናገሩ።

"ላስቲኩ ተነስቷል፤ ይኸው" አሉ፣ ከኪሳቸው አወጡት። "የግራ እግሩ ላይ ጭረት አለ፣ ቅዳሜ በር የመታው ነው። መመልከቻው ላይ ቅባት ያለው የጣት አሻራ አለ፣ የማን እንደሆነ አልታወቀም። ክዳኑ ላይ አፈር አለ። ሲያሳይ ይገለብጣል፤ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው።"

ኢንጂነሯ ቁልቁል ጭረቱን አየች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው።

"ቅዳሜ ማን ነካው?"

"ልጆቹ። ቲቸር። እኔም።"

"እርስዎም?"

"ጨረቃን አይቻለሁ" አሉ አቶ ገመቹ። ከዚያ፣ እንደ ጥፋት ሊቆጠርባቸው እንደሚችል አስበው ይመስለኛል፣ "ሁለት ጊዜ" ብለው ጨመሩ።

ሴትየዋ ሳቀች። ዓርብ ካየሁት ፈገግታ የተሻለ ነው።

ሳቋ ሳያልቅ እኔም ትናንት ማታ ተኝቼ ያሰብኩትን ተናገርኩ። ለቆቃ የገባችውን ቃል እንድታፈርስ አልጠይቅም። ሰርቪሱ ካለ ግን ቴሌስኮፑ በሳምንት አንድ ቀን ቆቃ ደርሶ መመለስ ይችላል፤ እኔም አብሬው ሄጄ አስተምራለሁ። ቀጥሎም ዓለም ጤና ከተማ። በቀጥታ ነው የተናገርኩት፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ።

"ያለ እኔ አይሄድም" አሉ አቶ ገመቹ።

"በሰኔ ጡረታ አይወጡም እንዴ?" አለ ዳይሬክተሩ።

"እስከ ሰኔ ያለውን ነው የምናገረው።"

ዳይሬክተሩ፣ ይባረክ፣ ያኔ እንደ ሰው ተናገረ። ጭረቱ በሥራ ላይ የደረሰ ነው ብሎ ራሱ እንደሚፈርም፣ የአቶ ገመቹን ክሊራንስም እንደማይነካ ቃል ገባ። ሽማግሌው ኮታቸውን ፈቱ።

ኢንጂነሯ ብቻዋን መወሰን አትችልም። ማኔጅመንቱ የሚሰበሰበው ሐሙስ ነው። "እስከዚያ ግን እዚሁ ይቆይ" አለች። ሹፌሩ የተጠቀለለውን ገመድ መልሶ መኪናው ውስጥ ወረወረ። ከመሄዷ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ፈለገች። ሜዳው ላይ አወጣንላት፣ ዱካው ተከትሎ መጣ። ፋብሪካቸው ከሩቅ ይታያል፤ ወደዚያ አዞርንላት።

"ውይ፣ ጣራችን!"

"አይደንግጡ" አሉ አቶ ገመቹ ከዱካቸው ሳይነሱ፣ "ብርሃኑ ተሻግሮ ስለሚያልፍ ነው።" እጃቸውንም እንደ ሲፈን አወናጨፉ።

ሐሙስ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሰርቪሱን ሊያስቀሩት ይችላሉ፣ ቆቃንም ሊመርጡ ይችላሉ። ረቡዕ ልጆቹ ሲመጡ የምነግራቸው ያወቅኩትን ብቻ ነው፦ ገና አልተወሰነም፣ ቴሌስኮፑ ግን እዚህ ነው፣ ቁልፉም አቶ ገመቹ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸውም ከሰዓት ዱካቸውን ይዘው ይመጣሉ።